ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የአደራ ቤተሰቦች የሚሰጥ የመንግሥት ድጋፍና የአሠራሩ ቅደም ተከተል

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ለእጓለማውታ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንዲደረግ፣ በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ያለወላጅ ወይም ያለአሳዳጊ ለቀሩ ልጆች እንክብካቤ እንዲያደርግ ይደነግጋል። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 ከቀረ ወዲህ የእነዚህ ልጆች መጠጊያ የአገር ውስጥ ቤተሰብ ነው። ይሁንና ልጅ ተቀብለው የሚያሳድጉት ሁሉ ባለጸጎች አይደሉም። የእህቷን ሁለት ልጆች ወስዳ እንጀራ ሸጣ የምታሳድግ አክስት፣ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው በጥቂት ጡረታ የሚኖሩ አያት በየወረዳው አሉ። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለእንዲህ ዓይነት ቤተሰቦች ነው።

አመልካቾች አስቀድመው ሊገነዘቡት የሚገባው ድጋፉ በአንድ መስኮት የሚሰጥ አለመሆኑን ነው። ከፊሉ ቤተሰቡ ዝቅተኛ ገቢ ስላለው የሚያገኘው ነው፤ ከፊሉ ደግሞ የአሳዳጊው ገቢ ምንም ይሁን ምን የልጁ የራሱ መብት ነው። ሁለቱም ግን በሰነድ ላይ የቆሙ ናቸው። ልጁ በቤት ውስጥ እየኖረ በሰነድ የማይታወቅ ከሆነ፣ አምስት ሆነው የሚበሉት ቤተሰቦች በመዝገብ ሦስት ሆነው ይቀራሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ልጁ በቤተሰቡ ውስጥ ያለበትን ሁኔታ ሕጋዊ ማድረግ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ሁለቱም ወላጆች ሞተው ስለአሳዳሪ ያስቀመጡት ኑዛዜ ከሌለ፣ ኃላፊነቱ በቅድሚያ ለአያቶች፣ ቀጥሎ ለአካለ መጠን ለደረሱ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚያም ለአጎትና ለአክስት ይሆናል። ዘመድ የሆነ ሰው ይህንኑ በፍርድ ቤት አስወስኖ ማስረጃ መያዝ ይኖርበታል። ዘመድ ያልሆነ ቤተሰብ ልጅን በአደራ ለመቀበል ሲፈልግ ደግሞ የሚያመለክተው በአካባቢው ለሚገኘው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። አደራ ጊዜያዊ ነው፤ ጉዲፈቻ ግን ፍርድ ቤት የሚያጸድቀውና አሳዳጊው ቢያንስ 25 ዓመት እንዲሆነው የሚጠይቅ ዘላቂ ዝምድና ነው። አንዱን ለማግኘት ሌላውን መጠየቅ ጉዳዩን ከማዘግየት በቀር ጥቅም የለውም። የልጁ ልደት ያልተመዘገበ ከሆነም በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ያስፈልጋል።

ሰነዱ ከተሟላ በኋላ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ዋነኛው የገንዘብ ድጋፍ የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ነው። በገጠር ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በከተሞች ደግሞ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ በ11 ከተሞች ተግባራዊ የተደረገው ይህ መርሐ ግብር ተጠቃሚዎችን በሁለት ይከፍላል። መሥራት የሚችል አባል ያለው ቤተሰብ በአካባቢ ልማት ሥራ ተሳትፎ ይከፈለዋል፤ በዕድሜ፣ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት መሥራት የማይችል ቤተሰብ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛል። ክፍያው የራሱ ጣሪያ ቢኖረውም የሚሰላው በቤተሰቡ አባላት ቁጥር ነው። በአደራ የመጣው ልጅ በቤተሰቡ መዝገብ ውስጥ መግባቱ የሚያመጣውን ልዩነት ከዚህ መረዳት ይቻላል። ምልመላው የሚካሄደው በኅብረተሰቡ በተመረጠ ኮሚቴ ሲሆን ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም፤ ልጅ የተቀበለ ቤተሰብ ቀጣዩን የምልመላ ወቅት ከወረዳው መጠየቅ ይኖርበታል። የተጠቃሚዎች ዝርዝር ለሕዝብ ይፋ ስለሚደረግ፣ ያለአግባብ ቀርቻለሁ የሚል ሰው ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ማመልከት ይችላል።

የጤና ወጪን በተመለከተ፣ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መዋጮ በመንግሥት ይሸፈናል። እዚህም ልጁ በአባልነት መታወቂያው ላይ መስፈሩን ማረጋገጥ ይገባል፤ ሳይሰፍር ቀርቶ ሕፃኑ በታመመ ሌሊት ስለመዝገብ መከራከር አስቸጋሪ ነው። በአዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚማሩ የቅድመ መደበኛና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የደንብ ልብስ፣ የትምህርት ቁሳቁስና የምገባ አገልግሎት ስለሚያገኙ፣ በዚህ ረገድ አሳዳጊው የድህነት ማስረጃ ማቅረብ አያስፈልገውም።

ብዙዎች የማያስቡት አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የልጁ የተተኪ ጡረታ ነው። ሟች አባት ወይም እናት የመንግሥት ሠራተኛ ወይም የግል ድርጅት ሠራተኛ ሆነው የጡረታ መዋጮ ሲከፍሉ የቆዩ ከሆነ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነው ልጅ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ወይም 1268/2014 የተቀመጡ ሁኔታዎች ሲሟሉ የጡረታ አበል ወይም ሌላ ክፍያ ሊኖረው ይችላል። አሳዳጊው ወላጁ ይሠራበት የነበረውን መሥሪያ ቤት ቢያንስ አንድ ጊዜ ሄዶ መጠየቅ አለበት። ገንዘቡ የልጁ ነው። ለምግቡ፣ ለልብሱና ለትምህርቱ ሊውል ይችላል፤ ለአሳዳጊው ዕዳ መክፈያ ግን አይሆንም። ወላጆቹ የተዉለት ቤት ወይም ሌላ ንብረት ካለም የሚተዳደረው ስለልጁ ጥቅም ብቻ ነው።

ልጁ ወደ ወላጆቹ ወይም ወደ ሌላ ዘመድ የተመለሰ እንደሆነ ይህንኑ ለጽሕፈት ቤቱና ለሴፍቲኔት ኮሚቴው ማሳወቅ ግዴታ ነው። የተረከበው ቤተሰብም ዝቅተኛ ገቢ ያለው ከሆነ ልጁን በራሱ መዝገብ አስገብቶ በስሙ ማመልከት ይችላል።