የቤት ዋይፋይ ከሳሎን አልፎ ሰርቪስ ቤት እንዲደርስ

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎም ሆነ በሻምቡ የኢንተርኔት መስመር ያስገባ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ከአንድ ችግር ጋር ይፋጠጣል። ሳሎን ውስጥ ያለ እንከን የሚሠራው ዋይፋይ መኝታ ቤት ሲደርስ ይዳከማል፤ ጓሮ ካለው ሰርቪስ ቤት ጭራሽ አይደርስም። ተማሪው መጽሐፍ ለማውረድ በረንዳ ላይ ይቀመጣል፤ የዕለቱን የቡና ዋጋ መከታተል የሚፈልገው ነጋዴ ደግሞ በወር ከሚከፍለው በተጨማሪ የሞባይል ዳታ ይገዛል።

በዚህ ጊዜ በቅድሚያ የሚታሰበው ከፍ ያለ ፍጥነት ያለው ጥቅል መግዛት ነው። ነገር ግን ፍጥነት መጨመር ሞገዱን ግድግዳ አያሻግረውም። ገንዘብ ከማውጣት በፊት ከራውተሩ አጠገብ ቆሞ በሁለት ስልኮች ፍጥነቱን መለካት ይበጃል። እዚያም ደካማ ከሆነ ችግሩ ከውጭ በሚገባው መስመር ላይ ሊሆን ስለሚችል ለኢትዮ ቴሌኮም በ994 ማሳወቅ ይገባል። አጠገቡ ጥሩ ሆኖ ሲርቁ የሚዳከም ከሆነ ግን መፍትሔው እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ቀጭን እንጨትን በቀላሉ ያልፋል፤ በብሎኬት ይቀንሳል፤ ብረት በበዛበት ኮንክሪት ይበልጥ ይዳከማል። ቆርቆሮ ደግሞ መስተዋት ብርሃንን እንደሚመልስ ሁሉ ሞገዱን ይመልሰዋል። ዙሪያውን በቆርቆሮ የተመታ ማድ ቤት ወይም ሱቅ ከራውተሩ ጥቂት ሜትር ብቻ ቢርቅም ኔትወርክ ላያገኝ የሚችለው ለዚህ ነው። ዝናብ በሚበዛበት ወለጋ የጭቃ ግድግዳም የራሱ ጠባይ አለው። ውኃ የሞገዱን ኃይል ስለሚመጥ፣ እርጥበት የጠጣ ግድግዳ ከደረቀው ይልቅ ያግዳል። በጥር ጓዳ ይደርስ የነበረው ኔትወርክ በሐምሌ ቢጠፋ አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል።

ራውተሩ በብዙ ቤት የሚቀመጠው ቡፌ ላይ፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ አንዳንዴም ዳንቴል ለብሶ ነው። ዳንቴሉ ሞገዱን ባያግድም ሙቀቱን ያፍናል፤ ቴሌቪዥኑ ግን ያግዳል። ከማዕዘን አውጥቶ ወደ ቤቱ መሐል፣ ከሰው ቁመት ከፍ አድርጎ፣ በተቻለ መጠን ከበር ትይዩ ማስቀመጥ ምንም ወጪ ሳይጠይቅ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ራውተሩ ሁለት ስም የሚያሳይ ከሆነም 5 ጊጋኸርዙ ለቅርብ፣ 2.4 ጊጋኸርዙ ለሩቅ ክፍል ይመረጣል። የመጀመሪያው ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ላይ ቶሎ ይደክማል።

ለጓሮው ቤት አስተማማኙ መንገድ የኔትወርክ ገመድ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ዘርግቶ በጫፉ ሁለተኛ ራውተር መትከል ነው። ገመዱ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ስለሚሠራ ለአብዛኛው ግቢ ይበቃል። ሪፒተር የሚባለው ማባዣ በዋጋ ረከስ ቢልም ፍጥነቱን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ሪፒተሩን ኔትወርክ በሌለበት ክፍል ውስጥ መሰካትም የተለመደ ስሕተት ነው፤ የሚያባዛው ነገር ሊያገኝ የሚችለው በመካከል፣ ሞገዱ ገና ሳይደክም ባለበት ቦታ ሲሰካ ብቻ ነው።

በክረምት ግን ነጎድጓድ መሰማት ሲጀምር የራውተሩን ሶኬት መንቀል ያስፈልጋል። መስመሩ የመዳብ ከሆነ የስልኩ ገመድም አብሮ ይነቀል፤ የመብረቅ ኃይል በሁለቱም በኩል ሊገባ ይችላል።