ሥራ አስኪያጁን ተላላኪው የሚረታበት ገበያ

በቦውሊንግ ንግድ የከበሩት ምን ቆጠሩ? የከሰሩትስ?

ማክሰኞ ማታ የአንድ ፋብሪካ ባልደረቦች ከሥራ በኋላ ወደ ቦውሊንግ አዳራሽ ይገባሉ። ሥራ አስኪያጁ አለ፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ አለች፤ ጡረታ የደረሰ በያጅና ከተቀጠረ ሦስት ወር ያልሞላው ተላላኪም አሉ። ቀን ቀን ተላላኪው ሥራ አስኪያጁን ለማነጋገር በሦስት ሰው በኩል ማለፍ አለበት። ማታ ግን የሁሉም እግር የገባው አንድ ዓይነት የኪራይ ጫማ ውስጥ ነው፤ ተራም የሚጠራው በስም ዝርዝር እንጂ በማዕረግ አይደለም። ተላላኪው የመጀመሪያ ኳሱን ከጎን ቦይ ሲከታት ሥራ አስኪያጁ ይስቃል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግን የሚስቀው ተላላኪው ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካ የኢንዱስትሪ ከተሞች፣ በተለይም በዲትሮይት፣ በሚልዋኪና በቺካጎ፣ እንዲህ ያለው ምሽት ለብዙ አሥርተ ዓመታት የታወቀ ልማድ ነበር። በዚህ ምሽት ላይ ትልቅ ገበያ ተገንብቷል። አክሲዮን ተሸጧል፣ ማሽን በዱቤ ተከፋፍሏል፣ ብዙ ባለሀብት ከብሯል። ምሽቱን ዘንግቶ ማሽኑን ብቻ የቆጠረ ደግሞ ከስሯል። ታሪኩ ከነስሌቱ ለነጋዴ ትምህርት አለው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ያልተመጣጠኑትን ማመጣጠን

ጨዋታው ለመረዳት አያስቸግርም። በ18 ሜትር ርቀት ላይ ፒን የሚባሉ ጠርሙስ መሳይ አሥር እንጨቶች በሦስት ማዕዘን ይቆማሉ። ተጫዋቹ ከ7 ኪሎ ብዙም የማያልፍ ኳስ አንከባሎ ይጥላቸዋል። ዙሩ አሥር ነው፤ በየዙሩ ሁለት ሙከራ ይፈቀዳል። አሥሩንም በአንድ ኳስ መጣል ስትራይክ ይባላል። አሥራ ሁለት ስትራይክ በተከታታይ የመታ 300 ነጥብ ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ነጥብ የለም።

ጨዋታው ለንግድ የተመቸው ሃንዲካፕ በሚባለው የማካካሻ ነጥብ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ውድድሩ አንድ መነሻ ነጥብ ይወስናል፤ 200 ነው ይባል። እያንዳንዱ ተጫዋች ከዚህ መነሻ በስንት እንደሚያንስ በአማካይ ውጤቱ ይሰላና ከጉድለቱ 90 በመቶው በምርቃት ይሰጠዋል። ለዓመታት የተጫወተው ሥራ አስኪያጅ አማካዩ 180 ከሆነ ጉድለቱ 20 ነው፤ 18 ነጥብ ይመረቅለታል። የተላላኪው አማካይ 110 ከሆነ ጉድለቱ 90 ነው፤ 81 ነጥብ ያገኛል።

በዚያ ምሽት ሥራ አስኪያጁ 185 ቢጥል ድምሩ 203 ይሆናል። ተላላኪው እንደ ምንም ብሎ 125 ቢጥል ድምሩ 206 ነው። ተላላኪው በሦስት ነጥብ ረታ ማለት ነው። ሁለቱም የለመዱትን ብቻ ቢጫወቱ ግን ውጤቱ 198 ለ191 ይሆንና ሥራ አስኪያጁ ያሸንፋል። ስሌቱ የጎበዙን ድካም ከንቱ አያስቀርም፤ ሰነፉንም ተስፋ አያስቆርጥም። ማንም ሰው በዕለቱ ከራሱ ልማድ በልጦ ከተገኘ የማሸነፍ ዕድል አለው።

ምርቃት ባለበት ደግሞ ተንኮል አይጠፋም። አማካዩን ሆን ብሎ ዝቅ አድርጎ ማካካሻ ነጥብ የሚያከማች፣ በመጨረሻው ሳምንት ግን አንበሳ ሆኖ የሚመጣ ተጫዋች በየሊጉ አለ። ትርፉን ቀንሶ ለግብር ሰብሳቢ የሚያሳይ ነጋዴ ይህን ዘዴ ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። የሊግ ጸሐፊዎች የየሳምንቱን ውጤት በመዝገብ ይዘው ያለፈውን ዓመት አማካይ ጭምር የሚያገላብጡት ለዚህ ነው።

ዕቁብ የመሰለ መዋጮ

የአዳራሹ ባለቤት ከዚህ ሁሉ ምን ያተርፋል? መልሱን የአዲስ አበባ ነጋዴ በቀላሉ ይገነዘበዋል፤ ሊግ ከዕቁብ ጋር በጣም ይቀራረባል። ቡድኖች ወቅቱ ሲጀመር ይመዘገባሉ፤ ቀንና ሰዓት ይቆረጣል፤ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል። እያንዳንዱ አባል በየሳምንቱ መዋጮውን ይከፍላል። ከመዋጮው ከፊሉ ለአዳራሹ፣ ከፊሉ ደግሞ በወቅቱ መጨረሻ ለሚከፋፈለው ሽልማት ይሆናል። በብዙ ሊጎች ዘንድ የቀረም ሰው መዋጮው አይቀርለትም። ታመምኩ፣ እንግዳ መጣብኝ ማለት ከክፍያ አያድንም።

ስሌቱ ለምሳሌ ያህል ቢታይ፣ አምስት አምስት ሰው የያዙ ስምንት ቡድኖች 40 ሰው ናቸው። ወቅቱ 32 ሳምንት ቢሆን 1,280 ክፍያ በመስከረም ወር ተፈርሞ አለቀ ማለት ነው። ዝናብ ቢዘንብ፣ በረዶ ቢጥል ገቢው የታወቀ ነው። ለባንክ ሊቀርብ የሚችል ገቢ ይህ ነው። ከ40ዎቹ መካከል የተዋጣላቸው ተጫዋቾች ጥቂት ናቸው። አብዛኛው የሚመጣው ከባልደረቦቹ እንዳይለይ ነው፤ ማካካሻው ባይኖር ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሸንፎ ይቀር ነበር።

ከደጅ የተመለሱት

ይህ ሁሉን የሚያቀራርብ ጨዋታ ራሱ ለብዙ ዘመን በሩን በግማሹ ዘግቶ ነው የኖረው። የአሜሪካ ቦውሊንግ ኮንግረስ በ1895 በኒውዮርክ ሲመሠረት የወንዶች ማኅበር ነበር። ሴቶች በ1916 በሴንት ሉዊስ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በዚያው ዘመን ኮንግረሱ አባልነትን ለነጭ ወንዶች ብቻ የሚፈቅድ አንቀጽ በደንቡ ውስጥ አስገባ።

ውጤቱ ጎልቶ የታየው በዲትሮይት ነው። በመኪና ፋብሪካዎቹ ጥቁርና ነጭ ሠራተኞች በአንድ የምርት መስመር ይሠሩ ነበር፤ የአንድ ሠራተኛ ማኅበር መዋጮም ይከፍላሉ። ማታ ግን ጥቁሩ ባልደረባ ኮንግረሱ በሚያውቀው ውድድር ሊሰለፍ አይችልም። አማካዩ 190 ቢሆንም ያው ነው። ጥቁር ተጫዋቾች በ1939 በዚያችው ዲትሮይት የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ።

አንቀጹን ለማሰረዝ ግንባር ቀደም ሆነው ከተሟገቱት አንዱ በዋልተር ሩተር ይመራ የነበረው የአውቶሞቢል ሠራተኞች ማኅበር ነው። በ1947 ይህንኑ የሚታገል ብሔራዊ ኮሚቴ ሲቋቋም በኋላ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆኑት የሚኒያፖሊስ ከንቲባ ሁበርት ሃምፍሪ በመሪነት ተሳተፉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1950 በቺካጎ የተሰየመ ችሎት ኮንግረሱን 2,500 ዶላር ቀጣው፤ የኮንግረሱ ሕጋዊ ህልውናም አደጋ ላይ ወደቀ። በዚያው ዓመት አንቀጹ ተሰረዘ። የወንዶቹና የሴቶቹ ማኅበራት በአንድ ጣሪያ ሥር የገቡት ግን ገና በ2005 ነው።

ፍትሑ እንዳለ ሆኖ ነገሩ የገበያ ጉዳይም ነበር። ደመወዝ የሚቆርጥ፣ ምሽቱን የሚያሳልፍበት የሚፈልግ ሠራተኛ በቆዳ ቀለሙ ሲመለስ መዋጮውም አብሮት ይመለሳል።

ማሽኑ መጣ፣ አክሲዮኑ ሰማይ ነካ

እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የወደቁትን ፒኖች የሚያነሱት ልጆች ነበሩ። በመስመሩ ጫፍ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ኳሱ ካለፈ በኋላ ዘለው ገብተው ይተክላሉ፤ ክፍያቸው በጨዋታ ቁጥር ነው። ተስፈንጥሮ የሚመጣ እንጨት እግር ይሰብራል። ልጆቹ ደግሞ የማታ ሥራ ሲሰለቻቸው ይቀራሉ፤ ያን ዕለት አዳራሹ ተዘግቶ ያመሻል። የአስመራው ነባር ቦውሊንግ አዳራሽ በዓለም ጎብኚዎች ዘንድ የታወቀው ይህን የእጅ አሠራር ለረጅም ዘመን ይዞ በመቆየቱ ነው።

ኤ ኤም ኤፍ የተባለው ኩባንያ መነሻው የትምባሆ ፋብሪካ ማሽን ነው። ፒን የሚተክል ማሽን የፈጠራ መብት ገዝቶ በ1946 በቡፋሎ ከተማ ለሕዝብ አሳየ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማሽኑን ለአዳራሾች ማከራየት ጀመረ፤ ኪራዩም በተጫወቱት ጨዋታ ቁጥር የሚታሰብ ነበር። ከ1845 ጀምሮ የቢሊያርድ ጠረጴዛ ይሠራ የነበረው ብረንስዊክ በ1950ዎቹ አጋማሽ የራሱን ማሽን ይዞ ተከተለ። ብረንስዊክ ማሽኑን የሚሸጠው በረጅም ጊዜ ዱቤ ነበር።

አዳራሾች በየሰፈሩ ፈሉ። የኮንግረሱ አባላት ቁጥር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከ4 ሚሊዮን አለፈ። የሁለቱ ኩባንያዎች አክሲዮን የኒውዮርክ ገበያ ዓይን ሆነ። ሐኪሙም፣ ጠበቃውም፣ ባለ ሱቁም ቆጥቦ ያኖረውን ይዞ የቦውሊንግ አዳራሽ ባለቤት ለመሆን ተሽቀዳደመ።

ያኔ የተቆጠረው ማሽን ነበር። ስንት መስመር ተተከለ፣ ስንት ትዕዛዝ መጣ ይባላል። በአንድ ሰፈር ስንት ሊግ ሊኖር ይችላል የሚለውን የጠየቀ ጥቂት ነው። ሁለተኛው አዳራሽ ከፊተኛው አጠገብ ሲከፈት አዲስ ሊግ አልተፈጠረም፤ የነበረው ለሁለት ተከፈለ። በ1962 አክሲዮኑ ተንኮታኮተ። አዳራሽ የከፈቱት ዱቤያቸውን መክፈል አቃታቸው። ብረንስዊክም የሸጠውን ማሽን ከነአዳራሹ እየተረከበ ሳይወድ በግድ የአዳራሽ ባለቤት ሆነ።

ቢራውና ፒዛው

ሊጉ ራሱ መሳሳት ሲጀምር የታየው ቆይቶ ነው። የሃርቫርዱ ምሁር ሮበርት ፑትናም በ1995 ባወጡት ጽሑፍ በ1980 እና በ1993 መካከል የቦውሊንግ ተጫዋቾች ቁጥር በ10 በመቶ ሲጨምር በሊግ የሚጫወቱት በ40 በመቶ መቀነሳቸውን አመለከቱ። ምሁሩን ያሳሰባቸው የማኅበራዊ ኑሮ መላላት ነው። ለነጋዴ ግን በዚያው ጽሑፍ ሌላ ቁምነገር አለ፤ በሊግ የሚጫወት ሰው ብቻውን ከሚጫወተው በሦስት እጥፍ ቢራና ፒዛ ይጠቀማል። የአዳራሹ ዋና ትርፍ ደግሞ ከኳስና ከጫማ ኪራይ ይልቅ ከዚያ የሚገኝ ነው።

ይህ በታተመ በዓመቱ፣ በ1996፣ በጎልድማን ሳክስ የሚመራ የባለሀብቶች ቡድን ኤ ኤም ኤፍን ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ገዛ። ኩባንያው በብድር ላይ ብድር እየጨመረ አዳራሾችን ሰበሰበ፤ በ1997 አክሲዮኑን ለሕዝብ አቀረበ። በዚያው ዓመት የእስያ የገንዘብ ቀውስ ሲነሳ ከዚያ አካባቢ ይመጣ የነበረው የማሽን ትዕዛዝ ቀነሰ፤ በአገር ቤት ደግሞ ሊጉ እየሳሳ ነበር። በ2001 ኩባንያው የኪሳራ ከለላ ጠየቀ፤ በ2012 ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ።

አዳራሾቹን በ2013 የጠቀለለው የኒውዮርኩ ቦውልሞር ሌላ መንገድ መረጠ። መብራቱን አደብዝዞ፣ ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ፣ ምግብና መጠጡን አሻሽሎ የልደት በዓልና የመሥሪያ ቤት ግብዣ ማስተናገጃ አደረጋቸው። ይህ ኩባንያ በኋላ ቦውሌሮ ተብሎ በ2021 ወደ አክሲዮን ገበያ ገባ፤ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ላኪ ስትራይክ በሚል ስም ከ300 በላይ አዳራሾችን ይዟል። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ዛሬም ይመጣሉ። በዓመት አንድ ቀን የሚመጣ የግብዣ ቡድን ጥሩ ሒሳብ ይከፍላል፤ ሠላሳ ሁለት ማክሰኞ ግን አይፈርምም።

ለአገር ቤት ባለሀብት

ቦውሊንግ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም፤ የላፍቶ ሞልን የመሳሰሉ የገበያ ማዕከላት መጫወቻውን አስተዋውቀዋል። ማሽኑና መለዋወጫው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ፣ ገቢው የሚሰበሰበው በብር ነው። ፒን መትከያው ሲበላሽ በስድስት ወር የሚመጣ ዕቃ የሚጠብቅ አዳራሽ ኪራይ እየከፈለ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ወጪ ቅዳሜና እሑድ ብቅ በሚል ወጣት ብቻ አይሸፈንም።

ቋሚውን ደንበኛ ፈልጎ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ኢሠማኮ፣ በሚያዘጋጀው የሠራተኞች ውድድር የተለያዩ ፋብሪካዎችና ድርጅቶች በእግር ኳስ፣ በመረብ ኳስ፣ በዳርት፣ በገበጣና በገመድ ጉተታ ይገናኛሉ። በእግር ኳሱ የሚሰለፈው ጉልበት ያለው ወጣት ነው። ጡረታ የደረሰው በያጅና ሒሳብ ሠራተኛዋ ቆመው ያጨበጭባሉ። በማካካሻ ነጥብ የሚካሄድ ጨዋታ እነሱንም ያሰልፋል፤ ከሚያጨበጭብ ይልቅ የሚሰለፍ ሰው ደግሞ መዋጮ ይከፍላል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የአዳራሽ ዕቅድ ይዞ ባንክ የሚሄድ ባለሀብት ከማሽኑ ዋጋ በፊት ቢጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው፦ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ማታ የሚመጡት እነማን ናቸው? የቀረ ሰው መዋጮስ በማን እጅ ይሰበሰባል?