የማሽላ ነገር፦ እህሉ አንድ ገበያ፣ አገዳው ሌላ ገበያ

በሐረሪ ክልል፣ ከሐረር ከተማ ወጣ ባለው የድሬ ጠያራ ወረዳ በክረምት ያለፈ ነጋዴ ጫት በመስመር ተተክሎ፣ በመካከሉ ማሽላ ቆሞ ያያል። የብዙ ሰው ዓይን የሚያርፈው ጫቱ ላይ ነው። ጥሬ ገንዘብ የሚያመጣው እሱ ነዋ! ይሁን እንጂ ገበሬው ማሽላውን ከማሳው ጨርሶ ያላስወጣበት ምክንያት አለው። ይህንን ያልተረዳ የእህልም ሆነ የከብት ነጋዴ ሂሳቡ ሊዛባበት ይችላል።

ማሽላ የዘመናት እህል ነው። በምሥራቅ ሱዳን ከዛሬ 5 ሺህ ዓመት በፊት ይለማ እንደነበር በቁፋሮ ተረጋግጧል። ዳጉሳ በጎጃም ስም እንዳለው ሁሉ፣ በሐረርጌ ስም ያለው ማሽላ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ሐረር ሲገባ፣ ከከተማዋ ወደ ውጭ ከሚላኩት ሸቀጦች መካከል ከቡና፣ ከዝሆን ጥርስና ከትምባሆ ጋር ማሽላንም መዝግቧል። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ጫት መሬቱን እየያዘ በመሄዱ ብዙው ገበሬ በጫት ገንዘብ እህል ሸማች ሆኗል።

ታዲያ ማሽላ ለምን አልጠፋም? አንዱ ማሳ ከአንድ በላይ ጥቅም ስለሚሰጥ ነው። እህሉ ለእንጀራ፣ ለቂጣና ለገንፎ ይውላል። አገዳው ማገዶ፣ አጥርና የቤት መሥሪያ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን የከብት መኖ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ዘሩን አብዝቶ ይዘራና በኋላ ቡቃያውን እየነቀለ ያሳሳል። የተነቀለውን፣ ቀጥሎም ከቆመው ላይ የሚለቅመውን ቅጠል ደጅ ለታሰረው በሬ ያቀርባል። በበዓል ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ዋጋው የሚወራለት የሐረር ሰንጋ የሚደልበው በዚህ ዓይነት ነው።

አጫጭርና ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎች በገበሬው ዘንድ በቀላሉ ተቀባይነት የማያገኙትም በዚሁ ምክንያት ነው። እህል ቢሰጡም አገዳቸው አነስተኛ ነው። ረጅሙ ማሽላ ግን በሚያዝያ ገደማ ተዘርቶ እስከ ኅዳር መሬት ላይ ስለሚቆይ የበልግ ዝናብ ይፈልጋል። በልጉ ሲዘገይ ገበሬው ወደ አጭሩ ዘር ለመዞር ይገደዳል። መኖው ሲያንስም በሬው ሳይደልብ ለገበያ ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ የሚያዝያን ሰማይ መከታተል ያለበት ገበሬው ብቻ አይደለም።

ሌላው ጠላት አቀንጭራ ነው። ይህ ጥገኛ አረም የማሽላን ሥር ይመጠምጣል። በቀድሞው የአለማያ እርሻ ኮሌጅ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው ነው።

ለገዢዎች አንድ ማሳሰቢያ፦ በሐረርጌ ማሽላ በጉድጓድ የማከማቸት ልማድ አለ። እርጥበት የገባበት ጉድጓድ እህሉን ያሻግታል፤ ለዘርም አይሆንም። ኩንታሉ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት እጅ አስገብቶ ከታች ዘግኖ ማሽተት ከኪሳራ ያድናል። አገር ቤት ገብቶ የሚገዛ ደግሞ የእህሉን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የአገዳውንም ዋጋ ይጠይቅ። የከብቱ ገበያ ወዴት እንደሚያመራ ፍንጭ የሚያገኘው ከዚያ ነው።