አንድ ሙዚቃ ቤት፣ ብዙ ስም፦ ከጅቡቲ የድምፅ ክምችት እስከ አዲስ አበባ ሸክላዎች

«ኤር ቴ ዴ» ለጅቡቲ ከተማ ነዋሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ የብሔራዊው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያ ምህጻረ ቃል ነው። የሙዚቃ መረጃ ቋት ለሚሞላ ሰው ግን እንቆቅልሽ ነው። ጣቢያው ዘፈኖችን የቀረጸ ተቋም ነው፤ የክምችቱም ባለቤት ነው፤ «ግሩፕ ኤር ቴ ዴ» የተሰኘ ባንድም አለው። እአአ በ2020 የባንዱን አልበም ለዓለም ያሰራጨው ደግሞ ኦስቲናቶ ሬከርድስ የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ ነው። «አሳታሚ» በሚለው ረድፍ ማን ይጻፍ?

ጥያቄው የጽሕፈት ብቻ አይደለም። እንደ ዲስኮግስና ሙዚክብሬንዝ ያሉ በበጎ ፈቃደኞች የሚሞሉ የመረጃ ቋቶች የዘፋኝ ወራሽም ሆነ የቆየ ሥራ እንደገና ማሳተም የሚሻ ድርጅት ፍለጋውን የሚጀምሩባቸው ናቸው። አንድ ሙዚቃ ቤት በአራት ስም ከተመዘገበ ሥራው አራት ቦታ ይበተናል። ሁለት የተለያዩ ቤቶች በስም መመሳሰል ከተዋሃዱ ደግሞ የአንዱ ሥራ በሌላው ስም ይጻፋል። ሁለተኛው ስህተት የከፋ ይመስላል፤ የተበተነውን ማሰባሰብ የተደባለቀውን ከመለየት ይቀላልና።

ሙዚክብሬንዝ ለዚህ ያበጀው መላ ማንነትን ከስም መለየት ነው። እያንዳንዱ አሳታሚ 36 ምልክቶች ያሉት ቋሚ መለያ ይሰጠዋል። በዚያ መለያ ሥር አማራጭ ስሞች ይደረደራሉ፤ የየትኛው ቋንቋ እንደሆኑና ከመቼ እስከ መቼ እንዳገለገሉ መግለጽም ይቻላል። የተለመዱ የፊደል ግድፈቶች ለፍለጋ ብቻ እንዲረዱ ተለይተው ይመዘገባሉ።

ቋንቋና ዘመን መመዝገባቸው በጅቡቲ ትርጉሙ ጎልቶ ይታያል። ፈረንሳይኛ፣ ዓረብኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ በሚነገሩባት አገር አንድ ተቋም ከአንድ በላይ ስም ቢኖረው አያስገርምም። አገሪቱ ራሷ እስከ 1967 የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ፣ ከዚያም የአፋሮችና የኢሳዎች የፈረንሳይ ግዛት ትባል ነበር፤ ጅቡቲ ተብላ ነጻ የወጣችው ሰኔ 27/1977 ነው። በ1960ዎቹ የተቀረጸን ድምፅ ዛሬ ባለው ስም ብቻ መመዝገብ የቀረጸው መንግሥት የትኛው እንደነበር ይሸፍናል።

ለአማርኛ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ አዲስ አበባ ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሬከርድስን ሲመሠርት ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ነበር። አምሃ ክልከላውን ችላ ብሎ ሸክላዎቹን ውጭ አገር አሳተመ። የእርሱ ስም «አምሃ»፣ «አምሐ» ወይም «አምኃ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ሲነበብ ግን ልዩነት የለውም። የሀገር ፍቅርም ስም በላቲን ፊደል አንዳንዴ በ«ሀ»፣ አንዳንዴ በ«አ» ድምፅ ሲጀምር ይታያል። እነዚህ ያለ ጥርጥር አማራጭ ስሞች ናቸው፤ በአንድ መለያ ሥር መግባት አለባቸው።

የአሊ አብደላ ካይፋ ጉዳይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሸክላዎቹን ያወጣው በካይፋ ሬከርድስ ስም ሲሆን፣ ሕዝቡ የሚያውቀው አሊ ታንጎ በሚለው ስሙ ነው። «ታንጎ» የሰውየው መጠሪያ እንጂ የሸክላው አሳታሚ ሌላ ስም አይደለም፤ ስለዚህ ሰውየውና አሳታሚው በባለቤትነት ይያያዛሉ እንጂ አንድ አይሆኑም።

የግዕዝ ፊደል የራሱን ወጥመድ ይጨምራል። የአዲስ አበባው ኤሌክትራ ሙዚቃ ቤትና በ1950 የተመሠረተው የአሜሪካው ኤሌክትራ በላቲን በአንድ ፊደል ይለያያሉ፤ በአማርኛ ግን ስማቸው አንድ ነው። እዚህ ላይ የሚለየው አገሩና ዘመኑ ብቻ ነው።

ዳግም ኅትመትም ያምታታል። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» በ1970ዎቹ በካይፋ፣ በ1986 ደግሞ በቤልጂየሙ ክራምድ ዲስክስ ወጥቷል። ክራምድ የካይፋ ሌላ ስም አይደለም። «ኢትዮፒክስ»ም የፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ የሚያሳትመው ተከታታይ እንጂ ራሱን የቻለ አሳታሚ አይደለም፤ ሆኖም በአሳታሚ ረድፍ ቢገባ ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

ወደ ጅቡቲ ስንመለስ፣ ኦስቲናቶ የጣቢያው ክምችት ከ5 ሺህ በላይ ሪሎችንና ካሴቶችን እንደያዘ ይገልጻል። እንዲህ ያለው ክምችት ወደ ዲጂታል ሲዛወር የመጀመሪያው ሥራ በሽፋኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳያርሙ መቅዳትና ፎቶ ማንሳት ነው። የተለመደው ስም በኋላ ሊጨመር ይችላል፤ በችኮላ የታረመ ሽፋን ግን፣ ካሴቱ ራሱ ከተበላሸ፣ ማመሳከሪያ አይገኝለትም።