የሆድ ሕመም በወረርሽኝ ጊዜ፦ ራጅ የሚያየው የመጣውን ብቻ ነው

እስቲ ወደ ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. እንመለስ። ግሼ ራቤል ውስጥ አንድ አዛውንት ሆዳቸው በድንገት ተነፋ እንበል። ይቆርጣቸዋል፤ ሰገራ ቀርቶ ፈስ እንኳ አልወጣ አላቸው። ፌጦ ተጠጣ፣ ጤና አዳም ተሞከረ። ልጃቸው «ሆስፒታል እንሂድ» ሲል «ሄጄ ኮሮና ይዤ ልምጣ?» ብለው ባናቸውን ተከናንበው ተኙ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?

ኮሮና በኢትዮጵያ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሕዝብ ማመላለሻም ግማሽ ተሳፋሪ ብቻ እንዲጭን ተወሰነ። ፍርሃቱና የመንገዱ ችግር አንድ ላይ መጡ ማለት ነው። ሆድ ግን ወረርሽኝ መጣ ብሎ መታመሙን አይተውም።

የአዛውንቱ ምልክት የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል ሲጠመዘዝ የሚታይ ነው። ይህ ሕመም በአገራችን ለአንጀት መዘጋት ዋና ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ ነው። ደግነቱ ብዙ ጊዜ ተራ ራጅ ይበቃዋል፤ በአየር የተወጠረው አንጀት ፊልሙ ላይ ትልቅ የቡና ፍሬ መስሎ ይታያል። ሐኪሞችም ምልክቱን የሚጠሩት በዚሁ በቡና ፍሬ ስም ነው። በጊዜ ከተደረሰ በፊንጢጣ በኩል ቱቦ አስገብቶ አየሩን ማስተንፈስ ይቻላል፤ ለዘለቄታው የሚሆነው ቀዶ ሕክምናም ተረጋግቶ ይታሰብበታል። ከዘገየ ግን የደም ዝውውሩ ይቋረጥና አንጀቱ ይሞታል። ያኔ ያለው አማራጭ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው፤ የሞት አደጋውም ይጨምራል።

ታዲያ ወረርሽኝ በድንገተኛ ክፍል ምርመራ ላይ ምን ያመጣል? ሦስት ነገር።

አንደኛ፣ በሽተኛው ይቀራል። በአሜሪካ ከመጋቢት 20 እስከ ሚያዝያ 17 ቀን 2012 ዓ.ም. ባሉት አራት ሳምንታት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሄደው ሰው ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ጊዜ በ42 በመቶ ቀንሶ ነበር። በብዛት ከቀሩት መካከል ሆዳቸውን የታመሙ ሰዎች ይገኙበታል።

ሁለተኛ፣ ምርመራው ይንቀረፈፋል። በኮሮና የተጠረጠረ ሰው ሲቲ ስካን ከተነሣ በኋላ ክፍሉ መጽዳትና አየሩ መቀየር አለበት። ይህ እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል ቀጣዩ ሰው ይጠብቃል።

ሦስተኛ፣ ምስሉ ራሱ ይለወጣል። ዘግይቶ በመጣ ሰው ላይ የሚታየው ያበጠ ትርፍ አንጀት ሳይሆን የፈነዳ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ኮሮና ራሱ ሆድ ያማል፣ ያስቀምጣል። የሆድ ሲቲ ስካን የሳንባን የታችኛውን ጫፍ ስለሚያሳይ፣ ለሆዳቸው ብለው የተነሡ አንዳንድ ሰዎች ኮሮና የተጠረጠረባቸው በዚያው ነው።

አሁን ይህን ወደ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ እናምጣው። ከገጠር መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ሆስፒታል መድረስ በደህናው ጊዜም ቀላል አይደለም። ከዚያም ሪፈር ከተባለ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ሌላ ረጅም መንገድ አለ። ከተማ ውስጥ ወረርሽኙ ያዘገየው ሰዓት እዚህ ቀን ይሆናል። መሣሪያ ቢኖርም ባይኖርም የመጀመሪያው ምርመራ ያለው ቤት ውስጥ ነው፤ «ይሄ ቁርጠት እንደ ወትሮው አይደለም» ብሎ የሚነሣ ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ እነዚህን ይያዙ፦ ሆድ ተነፍቶ ሰገራም ፈስም ካልወጣ፣ እምብርት አካባቢ ጀምሮ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ የወረደ ሕመም ካለ፣ ሆድ እንደ እንጨት ከደረቀ፣ ትውከት ካላቆመ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ሴት ሆዷን በኃይል ካመማት፣ ሌሊቱ እስኪነጋ አይጠብቁ። ወረርሽኝ ካለ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ይሂዱ፤ ግን ይሂዱ።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። የቡና ፍሬዋን ፊልሙ ላይ ማየት የሚቻለው፣ አዛውንቱ ባናቸውን ገልጠው ከተነሡ ብቻ ነው።