የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ተማሪዎችና የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መግቢያ፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ አዲስ አበባን ተጠግተው ያደጉ ከተሞች ሲሆኑ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ከነዋሪዎቻቸው ብዙዎቹ በፋብሪካ ሥራ፣ በግንባታ የቀን ሥራ፣ በጉልት ንግድና በእርሻ የሚተዳደሩ ናቸው። በእነዚህ ከተሞች ለሚኖር የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጅ ዩኒቨርሲቲ በርቀቱ ሲለካ ቅርብ፣ በመግቢያው ሥርዓት ሲታይ ግን ሩቅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሥርዓቱን በየደረጃው ማብራራትና ችግረኛው ተማሪ የሚሰናከልበትን ስፍራ ማመልከት ነው።

የመግቢያ ፈተና

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ የፈተና ስርቆትንና ኩረጃን ለመግታት ሲባል፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ ውስጥ ተሰጠ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይኸው መጠን በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኗል። በመሆኑም ለአብዛኛው ተማሪ የመጀመሪያው መሰናክል ገንዘብ ሳይሆን ውጤት መሆኑ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ የተለያዩ አይደሉም፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ቤተሰቡን በሥራ የሚረዳ ልጅ ለጥናት የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው፤ የማጠናከሪያ ትምህርት ከፍሎ ለመማርም አቅም የለውም።

ከ50 በመቶ በታች ያመጡ ሁሉ ተስፋቸው ይቋረጣል ማለት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ሚኒስቴር በሚወስነው መቁረጫ ነጥብ የሚመረጡ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተከታትለው፣ በመጨረሻ የሚሰጠውን ፈተና ሲያልፉ ወደ መጀመሪያ ዓመት ይዛወራሉ። ይህም ያልተሳካለት በግል ተፈታኝነት እንደገና መፈተን ይችላል።

ምደባ

ማለፊያ ውጤት ያገኘ ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ምደባውም በውጤቱና በምርጫው መሠረት ይከናወናል። የቤት ቅርበት ግን ዋስትና አይሆንም፤ የሱሉልታ ልጅ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ሊመደብ ይችላል። የአካል ጉዳት ወይም ጽኑ ሕመም ያለበት ተማሪ ማስረጃውን በወቅቱ ማቅረብ ይኖርበታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን በሚመለከት ደግሞ፣ ተቋሙ በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መነሻነት ራስ ገዝ ስለ ሆነ፣ የራሱን የቅበላ ማስታወቂያ ነጥሎ መከታተል ያስፈልጋል።

የወጪ መጋራት

ከፍተኛ ትምህርት ለረጅም ዘመን በመንግሥት ወጪ ሲሰጥ ቆይቶ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጪ መጋራት ሥርዓት በሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ሥርዓት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ብዙ ወላጆች «ውል» የሚለውን ቃል ሲሰሙ በምዝገባ ዕለት የሚከፈል ገንዘብ ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። ተማሪው በመግቢያው የሚፈርመው የግዴታ ውል እንጂ የሚቆጥረው ገንዘብ የለም፤ ዕዳው የሚከፈለው ከተመረቀ በኋላ ከሚያገኘው ገቢ ላይ በየወሩ እየተቀነሰ ነው። የምግብና የመኝታ አገልግሎት ያልወሰደ ተማሪ የዚያ ዕዳ አይመዘገብበትም።

በውሉ የማይሸፈን ወጪ

ችግሩ የሚበረታው ውሉ በማይደርስበት ስፍራ ነው። የመጓጓዣ፣ የብርድ ልብስና የአንሶላ፣ የልብስ፣ የደብተርና የጽሑፍ ማባዣ፣ እንዲሁም የኪስ ገንዘብ ከቤተሰብ የሚጠበቁ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. የተማሪው ዕለታዊ የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ማለቱ የመመገቢያ አዳራሹን ያግዛል እንጂ፣ ለመንገድ የሚሆን ገንዘብ ላጣ ቤተሰብ መፍትሔ አይሆንም። ከዚህም ሌላ ልጁ ሲሄድ ቤቱ አንድ ሠራተኛ ያጣል፤ ይህ ኪሣራ በየትኛውም ቅጽ ላይ አይሰፍርም።

የትምህርት ቤት ድርሻ

ከላይ ከተዘረዘረው እንደሚታየው፣ ከመሰናክሎቹ ከፊሉ በመረጃ ጉድለት የሚፈጠር ነው፤ ይህን ማስወገድ ከትምህርት ቤት አቅም በላይ አይደለም። የወጪ መጋራትን ትርጉም ለወላጆች ከፈተናው በፊት፣ በሚረዱት ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ ማስረዳት፤ ምርጫ በሚሞላበት ሰሞን ኢንተርኔት ለሌላቸው የትምህርት ቤቱን ኮምፒዩተር መክፈት፤ የጉዞውን ወጪ በወላጆች ኮሚቴና በእድር በኩል አስቀድሞ ማሰብ ይቻላል። ፈተናውን አልፎ በጉዞ ገንዘብ እጦት ወይም ባልተረዳው ውል ፍርሃት ከቤት የሚቀር ተማሪ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የተደከመበት የትምህርት ውጤት በመጨረሻው ደጃፍ ላይ ሲጠፋ ማለት ነው።