ጨዋታ በቆመበት ዘመን የአንድ ተማሪ ማስታወሻ

ሰው ጤና በሆነበት ዘመን የጨዋታን ወሬ እንደ ቀላል ነገር ይቈጥረዋል። ማን አሸነፈ፥ ማን ተሸነፈ፥ ስንት ለስንት ተለያዩ ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ከሰማ በኋላም ወደ ሥራው ይመለሳል። ጨዋታው ራሱ የቆመ እንደ ሆነ ግን፥ ያ ቀላል ይመስል የነበረው ወሬ ስለ ቤትና ስለ ጎረቤት፥ ስለ ሕይወትና ስለ ሞት የሚናገር ሆኖ ይገኛል። ይህን የተረዳሁት የኮሮና ወረርሽኝ በ2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን በገባ ጊዜ አንድ የኮሌጅ ተማሪ ከጻፈው ደብተር ነው። ልጁን በስድስተኛ ክፍል ሳለ አስተምሬዋለሁ። ደብተሩን ሲሰጠኝ፥ «መምህር፥ ስሜን አይጥቀሱት እንጂ፥ ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብለው ካሰቡ ይጻፉት» ስላለኝ፥ ለቤተ ሰብ ይበጃል ያልሁትን አሳጥሬ አቀርባለሁ።

ተማሪው ያን ጊዜ ሁለተኛ ዓመቱን ይማር ነበር። አባቱ በአዲስ አበባ የታክሲ ሾፌር ናቸው፤ እናቱ እንጀራ እየጋገሩ ለጎረቤት ይሸጣሉ፤ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈና አስም የሚያስቸግራቸው አያቱም አብረዋቸው ይኖሩ ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ፤ ብዙም ሳይቈይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተሰናበቱ። ልጁም አንድ ሻንጣ ልብስና ጥቂት መጻሕፍት ይዞ መጣ። በዚያው ማታ በአዲስ ደብተር ላይ መስመር አሰምሮ፥ በቀኝ በኩል «የስፖርት ወሬ»፥ በግራ በኩል «የቤታችን ወሬ» ብሎ ጻፈ።

በቀኙ ዓምድ መጀመሪያ የሰፈረው ሩዲ ጎቤር የሚባለው ፈረንሳዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነገር ነው። ይህ ሰው በአሜሪካ ለዩታ ጃዝ ይጫወት ነበር። የካቲት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጥቶ ሲነሣ፥ በበሽታው እንደ መቀለድ አድርጎ፥ ከፊቱ የተደረደሩትን ማይክሮፎኖችና መቅረጸ ድምፆች በእጁ እየዳሰሰ ሄደ። ከሁለት ቀን በኋላ ተመርምሮ በሽታው ተገኘበት። በኦክላሆማ ሲቲ ቡድኑ ሊያደርገው የነበረው ጨዋታ ተመልካቹ ቦታውን ይዞ ሳለ ተበተነ፤ የቅርጫት ኳሱ ማኅበርም በዚያው ሌሊት ውድድሩን በሙሉ አቆመ። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ያስታወቀው በዚያው ዕለት ነበር። ተማሪያችን ይህን ከጻፈ በኋላ ከሥሩ፥ «ይህን ያህል የተማረና የከበረ ሰው እንዲህ ያለ ሞኝነት እንዴት ይሠራል?» የሚል ቃል ጨምሮበታል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች የመቆም ዜና ብቻ ናቸው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ቆመ፤ የአገራችን ፕሪሚየር ሊግም ቆሞ፥ ቈይቶ ያለ አሸናፊ ተሰረዘ። መጋቢት 15 ቀን የቶክዮ ኦሊምፒክ ወደሚቀጥለው ዓመት መተላለፉ ተነገረ። ኦሊምፒክ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1916፥ በ1940ና በ1944 በጦርነት ምክንያት ፈጽሞ ቀርቶ ያውቃል፤ ወደ ሌላ ዓመት ሲተላለፍ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር። አባቱ አንድ ቀን ማታ፥ «ልጄ፥ ጨዋታ ሳይኖር የምን የጨዋታ ወሬ ነው የምታነበው?» ብለው ጠየቁት። እርሱም፥ «የቆመውን ነው የማነበው፥ አባባ» ሲል መለሰ።

በግራው ዓምድ ያለው ግን ይበልጥ ያሳስባል። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ታክሲዎች በግማሽ ተሳፋሪ ብቻ እንዲጓዙ ተወሰነ። አባት ማታ ገንዘባቸውን ሲቈጥሩ ልጁ ከጎን ሆኖ ያይ ነበር። እንጀራ የሚገዙት ጎረቤቶችም እጅ አጠራቸውና ቍጥሩ ቀነሰ። እናት ለአያቱ የሚሆን ቦታ በጓዳው በኩል ለይተው አዘጋጁ፤ ከውጭ የገባ ሰው ሁሉ በደጃፍ በተቀመጠው ጀሪካን እጁን ሳይታጠብ እንዳይገባ ሥርዓት አደረጉ። ልጁ፥ «የሚሊዮን ዶላር ውድድር የሚያቆም በሽታ የእናቴን ምጣድም አበረደው» ብሎ ጽፏል።

ሚያዝያ 11 ቀን የዋለው የዚያ ዓመት ትንሣኤ ብዙዎቻችን የማንረሳው ነው። ምእመናን በየቤታቸው ሆነው ቅዳሴውን በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ተከታተሉ፤ በቤተ መቅደስ የነበሩት ጥቂት አገልጋዮች ብቻ ነበሩ። አያቱ ነጠላቸውን አጣፍተው፥ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው አነጉ። ልጁ ደክሞት ሲቀመጥ እርሳቸው አልተቀመጡም።

በማግሥቱ፥ በማዕዶት ሰኞ፥ የሰፈር ልጆች በጉልቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ኳስ ይዘው ተሰበሰቡ። ከወር በላይ በቤት ተዘግቶ የቈየው ተማሪ ድምፃቸውን ሲሰማ ልቡ አልቻለም። አንድ ሰዓት ያህል ተጫወተ፤ ጭምብሉን አውልቆ በኪሱ ከተተ፤ ጎል ባስቈጠረ ጊዜ ልጆቹ ተጠምጥመው ሳሙት። ወደ ቤት ሲመለስም እጁን ታጥቦ ገባና ምንም አልተናገረም።

ሐሙስ ዕለት አያቱ ትኵሳት ያዛቸው፤ ሳሉ። ዐርብ ጠዋት የጤና ባለሙያዎች መጥተው ናሙና ወሰዱ። ከመካከላቸው አንዲቱ፥ «ከእናንተ መካከል በዚህ ሳምንት ከብዙ ሰው ጋራ የተቀላቀለ አለ ወይ?» ብላ ጠየቀች። አባት ስለ ታክሲው ሥራ ተናገሩ፤ እናት ስለ ደንበኞቻቸው ተናገሩ። ልጁ ግን ዝም አለ። የዚያ ቀን ገጽ በቀኝ በኩል ባዶ ነው። በግራ በኩል እንዲህ ይላል፤ «ባለሙያዋ ስትጠይቅ አባቴ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ወደ መሬት ተመለከትሁ። ጎቤርን ሞኝ ያልሁት እኔ ነኝ። እርሱ ማይክሮፎን ነካ፤ እኔ የአያቴን እጅ ነካሁ። እርሱ በማግሥቱ በዓለም ፊት ይቅርታ ጠየቀ፤ በአዳራሹ ለሚሠሩ ሰዎችና ለሕመምተኞች መርጃም ከ500 ሺሕ ዶላር በላይ ሰጠ። እኔ የምሰጠው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እርሱንም ነፈግሁ።»

ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። አያቱ በሳሉ ቍጥር እርሱ በጨለማ ይቈጥር ነበር። በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት የምርመራው ውጤት መጣ፤ በሽታው በአያቱ ላይ አልተገኘም፤ የተለመደው ጉንፋን አስማቸውን ቀስቅሶባቸው ነበር። ቤቱ ሁሉ ደስ ሲለው ልጁ ጓዳ ገብቶ፥ እግራቸው ሥር ተቀምጦ፥ ሰኞ ያደረገውንና ዐርብ የሸሸገውን ሁሉ ነገራቸው።

አያቱ አልተቈጡም፤ ነገር ግን አላቀለሉትም። «ልጄ፥ ኳስ መጫወትህ የልጅነት ነው። አሁን መናገርህም መልካም ነው፤ ግን የነገርኸኝ ነገሩ ከቀለለ በኋላ ነው። እውነት የሚጠቅመው በተጠየቁበት ሰዓት ነው። ያቺ ልጅ ስትጠይቅህ እኔን ብቻ ሳይሆን እነዚያን የሰፈር ልጆችና እናቶቻቸውን ጭምር ነበር የጠየቀችህ» አሉት። ቀጥለውም እናታቸው የነገሯቸውን የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አወሩለት። እናታቸው በዚያ ወር ሁለት ወንድሞች ቀብረዋል። «እናቴ ስለ ሞቱት ስታወራ አጭር ነበረች። ብዙ የምታወራው የታመመ ያለበትን ቤት እያወቁ፥ ውኃና ቆሎ በደጃፍ አኑረው፥ ተጣርተው ስለሚሄዱ ጎረቤቶች ነበር። ቤቱ መታመሙን ባይናገር ኖሮ ያ ውኃ አይመጣም ነበር» አሉት። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥለው፥ ኅዳር ሲታጠን የምንለው ልማድም ከዚያ መከራ ጋራ የተያያዘ መታሰቢያ ነው።

በማግሥቱ ተማሪው ኳስ የተጫወቱትን ልጆች በየደጃቸው ቆሞ ጠራቸውና የሆነውን ነገራቸው። አንዳንዶቹ ሣቁበት፤ ሁለቱ ግን እነርሱም በቤታቸው ሽማግሌ እንዳለ ነገሩት። በሜዳውም ለጊዜው ኳስ አልተጫወቱም።

የአያቱ ነገር አእምሮውን ስለያዘው፥ በ1911 ዓ.ም. በዓለም ስፖርት ምን ሆኖ እንደ ነበር መረመረ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር፥ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ፥ የሞንትሪያልና የሲያትል ቡድኖች ስታንሊ ዋንጫ ለሚባለው ሽልማት የበረዶ ላይ ሆኪ፥ ይኸውም እኛ በገና በዓል የምንጫወተውን የመሰለ ጨዋታ፥ ይወዳደሩ ነበር። ከአምስት ግጥሚያ ሁለት ሁለት አሸንፈው፥ በአንዱ እኩል ወጥተው ሳሉ፥ ተጫዋቾቹን ያው የኅዳር በሽታ ጣላቸው፤ የመጨረሻው ግጥሚያ ቀረ፤ ዋንጫውም ያለ ባለቤት ታለፈ። ጆ ሆል የተባለው የሞንትሪያል ተጫዋች በዚያው ከተማ ሆስፒታል ዐረፈ። ልጁ፥ «የአያቴ አጎቶችና ጆ ሆል በአንድ ዓመት በአንድ በሽታ ሞቱ፤ አንዳቸው የአንዳቸውን አገር ስም እንኳ ሳያውቁ» ብሎ ጽፏል።

ጨዋታው ቀስ በቀስ ሲመለስ አዲስ ጥያቄ ተነሣበት። ግንቦት 8 ቀን የጀርመን እግር ኳስ፥ ሰኔ 10 ቀን የእንግሊዙ፥ ያለ ተመልካች ተጀመረ። ሊቨርፑል ሠላሳ ዓመት የጠበቀውን ዋንጫ ያገኘው በባዶ ወንበሮች መካከል ነው። ተማሪው፥ «ሰው የማያየው ድል ድል ነውን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም በድቁና ዘመኔ የተማርሁትን ነገርሁት፤ ቅዳሴ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ቢኖሩ ይቀደሳል፤ አንድም ሰው በዐውደ ምሕረቱ ባይቆም ሥርዓቱ አይጐድልም። ይሁን እንጂ ሕዝቡ የሚመልሰው «ይበል ሕዝብ» የሚባል ክፍል ስላለው፥ የሕዝቡ አለመኖር አይሰማም ማለት አይደለም። ሥራው ያለ ተመልካች ይፈጸማል፤ ደስታው ግን ሌላ ሰው ይፈልጋል።

ሐምሌ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ በኦርላንዶ ከተማ፥ ተጫዋቾቹ ከውጭው ሰው ተለይተው በሚኖሩበት ስፍራ፥ እንደ ገና ተጀመረ። የመጀመሪያው ግጥሚያ የዩታ ጃዝ ነበር። የመጀመሪያውን ነጥብ ያስቈጠረው ማን ነው? ጎቤር! ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሴኮንድ ሲቀረውም በሁለት የቅጣት ውርወራ ቡድኑን 106 ለ104 አሸናፊ ያደረገ እርሱ ነው። በደብተሩ የተጻፈው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «የሳተ ሰው እንደ ገና ይሰለፋል።»

መስከረም 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሹራ ቂጣታ በለንደን፥ በዝናብ፥ ለሕዝብ በተዘጋ መናፈሻ ዙሪያ በተካሄደው ማራቶን በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ፤ አይሸነፍም ይባል የነበረው ኬንያዊው ኤልዩድ ኪፕቾጌ ስምንተኛ ሆነ። ከሦስት ቀን በኋላ ለተሰንበት ግደይ በስፔን በቫሌንሲያ የ5 ሺሕ ሜትሩን የዓለም ክብረ ወሰን በ14 ደቂቃ ከ6 ሴኮንድ ከ62 አሻሻለች፤ ቀድሞ የጥሩነሽ ዲባባ ነበር። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን በየተራ ሲጠሩ ልጁም ተመልሶ ሄደ። አባቱ የመጓጓዣውን ገንዘብ ለማሟላት የእጅ ሰዓታቸውን መሸጣቸውን ያወቀው ቈይቶ ነው።

የደብተሩ መጨረሻ ሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ ቅርጫት ኳሱ በተመለሰ ልክ በዓመቱ። ተማሪው ለዕረፍት ቤቱ ነበር። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ በቶክዮ የ10 ሺሕ ሜትር ሩጫ ሲጀመር መላው ቤተ ሰብ ተሰብስቧል። ሰሎሞን ባረጋ በመጨረሻው ዙር ዑጋንዳዊውን ባለ ክብረ ወሰን ጆሹዋ ቼፕቴጌን ቀድሞ፥ በ27 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ ገብቶ ወርቁን ወሰደ። አያቱ በስታዲዮሙ ያሉትን ባዶ ወንበሮች አይተው፥ «ሰው የለም እኮ! ለማን ነው የሚሮጠው?» አሉ። አባት መልስ ሊሰጡ ሲሉ ልጁ ቀደማቸው፤ «ለእኛ ነው፥ እማማ። እኛ እዚህ ነን» አላቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት የወረርሽኙን አስቸኳይ ጊዜ ያበቃው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። አያቱ ያን ቀን ሳያዩ በእርጅና ዐርፈዋል። ልጁ ደብተሩን ሲያመጣልኝ፥ የዐርቡን ገጽ ቀድጄ ላውጣው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም ተው አልሁት። ደብተሩን ከሌላው የስፖርት ወሬ የለየው ያ ገጽ ነውና።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁ የጨዋታ ወሬ ሲያነቡ በከንቱ ጊዜያቸውን ያጠፋሉ ብላችሁ ብቻ አትገሥጿቸው፤ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ምን እንዳነበቡ ጠይቋቸው። ልጆችም ሆይ፥ በቤታችሁ ሕመም በገባ ጊዜ የምትጠየቁትን በተጠየቃችሁበት ሰዓት መልሱ። ሌላ ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ አናውቅም፤ በመጣ ጊዜ ግን ከጀሪካኑ ውኃ ጋራ በደጃፋችን ልናኖረው የሚገባን እውነትን ነው።